ሺህ የተጻፈባት መኪና

እንጨት ነጋዴው ቅዳሜ ጠዋት ገደል ውስጥ በተገለበጠች መኪናው ላይ፣ ቀበቶውን እንዳሰረ፣ ሄልሜቱን እንዳጠለቀ ሞቶ ተገኘ። መኪናዋ በር የሌላት፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የምታስቀምጥ፣ ዙሪያዋ በወፍራም የብረት ቱቦ የታጠረ የአሸዋ ላይ መዝናኛ ነበረች። ጎኗ ላይ «1000» የሚል ቀይ ቁጥር ተለጥፏል። ያየ ሁሉ ወደ ቁጥሩ እየጠቆመ ከንፈሩን መጠጠ። «ለሽርሽር ሺህ ሲሲ ሞተር! ሞቱን ራሱ ገዛ» አሉ። ሰው ሟች ላይ ለመፍረድ መቼም ሰንፎ አያውቅም።

መርማሪዋ በማግስቱ ረፋዱ ላይ ደረሰች። ባልደረቦቿ «ቆጣሪዋ» ይሏታል፤ ደረጃ ሳትቆጥር ወጥታ፣ ከሰው ጋር ስታወራም የሸሚዙን ቁልፎች ሳትቆጥር ቀርታ አታውቅምና። የጣቢያው አዛዥ ገደሉ አፋፍ ላይ ተቀበላት።

«መኪናዋን የሸጠውን ሱቅ መካኒክ አስረነዋል» አላት። «ፍሬኑን ነካክቶ ነው ብለናል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ክስ ይመሠረትበታል።»

«ሲነካካ ማን አየው?»

«ባለሱቁ። ሐሙስ በምሳ ሰዓት መኪናዋ አጠገብ ተንበርክኮ አይቶታል። ምን ትሠራ ነበር ስንለው ግን ጭጭ ነው።»

«ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» አለች ቆጣሪዋ። «ባለቤቱ ግን እስር ቤት ይገባል።»

ገደሉ ውስጥ ወርዳ የመኪናዋን መሪ ይዛ ወደ ውስጥ አጎነበሰች። ማርሹ ዜሮ ላይ ነው። ፍሬኑን በእጇ ገፋችው፤ ጤነኛ ነው። የሟቹን ሄልሜት ተቀብላ አገላብጣ አየችው፤ ጭረት እንኳ የለውም። ሐኪሙ ግን የሟቹ ራስ ከኋላ በኩል ተሰንጥቋል ብሎ ጽፏል። ሄልሜቱን ሁለቴ አንኳኳችውና ለአዛዡ መለሰችለት።

ሱቁ ከገደሉ በላይ ካለው የአሸዋ ኮረብታ ፊት ለፊት ነው። ባለሱቁ ሽማግሌ ነጋዴ ነበሩ፤ ወሬያቸው የማያልቅ።

«ሞተር እንደ ጫማ ነው፣ የኔ እመቤት» አሉ። «የሚገዛው ለእግር እንጂ ለጎረቤት ዓይን አይደለም። በደን መንገድ ቀስ ብሎ ለሚንሸራሸር አምስት መቶ ሲሲ ይበቃዋል። ሺው አሸዋ ለሚወጣ ነው፣ እሱም እጁ ለተፍታታ። የመጣውን ሁሉ መጀመሪያ በትንሿ ያን ኮረብታ አስሞክረዋለሁ። አጋማሹ ላይ አሸዋ ውስጥ ትቀረቀራለች። አንድም ጊዜ ጫፍ ደርሳ አታውቅም።»

«ከዚያ ሁሉም ትልቋን ይገዛል?»

«ልባሙ "እኔ ኮረብታ ላይ ምን አለኝ?" ብሎ ትንሿን ይወስዳል። ልባም ግን በወር አንድ ቢመጣ ነው።» ሳቅ ብለው ሐዘን ላይ መሆናቸው ትዝ አላቸውና አፋቸውን ሰበሰቡ። «ሟቹ ሰኞ ሁለቱንም ገዛ። ሺዋን ለራሱ፣ አምስት መቶዋን ለታናሽ ወንድሙ።»

«በመልክ ይለያያሉ?»

«መንታ ናቸው። ከቁጥሩ ሌላ የሚለያቸው ሆዳቸው ነው። ትንሿ ባለ አንድ ፒስተን ናት፤ እሳት የሚጭርላትም አንድ ካንዴላ ነው። የትልቋ ሁሉም ነገር ሁለት ሁለት ነው።»

የሟቹ ሚስት በሱቁ ቢሮ ውስጥ ጥቁር ሻሿን አስራ ተቀምጣለች።

«ቅዳሜ ጠዋት የት ነበርሽ?»

«እዚሁ። ከባለሱቁ ጋር ስጨቃጨቅ። መልሰው ይውሰዷት፣ በትንሿ ይለውጡለት እያልኩ።»

«ቀንተሽ ነበር?»

«በመኪና?» ሴትየዋ ቀና አለች። «አዎ፣ ቀንቻለሁ! ከእኔ ጋር ሲወጣ ጸጉሩን አበጥሮ አያውቅም፤ ለእሷ ግን አዲስ ጓንት ገዛ። ደግሞ ሰኞ ዕለት በሺዋ ኮረብታውን ወጥቶ ሲመለስ ያየሁት እኔ ነኝ። ከሱቁ ግንብ ጀርባ ሄዶ አስታወከና "ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ" አለኝ።» በሻሿ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

የሟቹ ታናሽ ወንድም በታላቁ መጋዘን እንጨት የሚለካ፣ ሠላሳ ያለፈው ሰው ነው። በሱቁ በረንዳ ላይ ብቻውን ነበር።

«ቅዳሜ ከኋላው ነበርክ?»

«መቼስ ከፊቱ ሆኜ አውቃለሁ?» አለ። «ጋሼ ነዳጁን ረግጦ፣ አሸዋውን እየበተነ በፊት ለፊት ሽቅብ ተወነጨፈ። ጫፍ ሲደርስ መቆም አቃተው፤ ተሻግሮ ገደል ገባ። እኔ በዚች በአምስት መቶዋ የት ልደርስበት? በጀርባ ባለው ደልዳላ መንገድ ዞሬ ስደርስ አልቆለታል።»

«ሌላ ሰው ነበር?»

«ሁለታችን ብቻ።»

«ያንተን ኮረብታው ላይ ሞክረሃት ታውቃለህ?»

«ለምን ልዋረድ? ከቅዳሜ በፊት አልነካኋትም። ቅዳሜም በደልዳላው መንገድ ብቻ ነው የነዳኋት። ሲገዛልኝ ሰው ሁሉ እየሰማ "ላንተ ትንሿ ትበቃሃለች" አለ። ድሮም ጫማው ሲያልቅ፣ ኮቱ ሲጠበው ነው ለእኔ የሚደርሰኝ።» ዓይኑ ቀልቷል።

ቆጣሪዋ ወደ ገደሉ ተመለሰች። ከመቀመጫው ጀርባ ያለውን ክዳን ከፍታ ጣቷን ወደ ሞተሩ ሰደደች። ቆጠረች። ዞራ እንደገና ቆጠረች። ከዚያ «1000» የሚለውን ቁጥር ጠርዙን በጥፍሯ ልጣ አየች፤ ሙጫው ገና አዲስ ነበር።

ስምንት ሰዓት ላይ ሁሉንም በሱቁ የጥገና ክፍል ሰበሰበቻቸው። መካኒኩ በካቴና ታስሮ መጣ። አንገቱን ደፍቶ ከጎማዎቹ አጠገብ ቆመ።

«ከዚህ ሰው እንጀምር» አለች። «ፍሬኑን አበላሽቷል ተባለ። ፍሬኑ ጤነኛ ነው። ሟቹ ከነሄልሜቱ ነው የተገኘው፤ ራሱ ተሰንጥቆ ሄልሜቱ ግን አንድ ጭረት የለውም። ስለዚህ መጀመሪያ ተመታ፣ ሄልሜቱ በኋላ ተደረገለት። ነዳጅ ረግጦ ሽቅብ የሚወጣ ሰው ደግሞ ማርሹን ዜሮ ላይ አያደርግም። መኪናዋ በሰው እጅ ተገፍታ ነው ገደል የገባችው።»

«ማን ገፋት?» አለ አዛዡ።

«እሱን የነገረኝ ካንዴላው ነው። መኪናዋ ያላት አንድ ብቻ ነው።»

ባለሱቁ ከወንበራቸው ተነሡ። «አንድ? እንግዲያው ትንሿ ናታ!»

«ትንሿ ናት። ትንሿ ደግሞ ያን ኮረብታ በፊት ለፊት አትወጣም። ሟቹ ጫፍ ላይ የደረሰው እንደማንኛውም ሰው በጀርባው መንገድ፣ ቀስ ብሎ ነው።» ወደ ታናሽየው ዞረች። «አንተ ግን ሽቅብ ሲወነጨፍ አየሁ አልከኝ። ሚስቱና ባለሱቁ እዚህ ሲጨቃጨቁ ነበር። መካኒኩ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ያለ ወሬ አይፈጥርም፤ መካኒክ ነውና ቁጥሩ ምንም ቢል መኪናዋ እንደማትወጣ ያውቃል። ይህን ውሸት ሊዋሽ የሚችለው በቁጥሩ የተታለለ ሰው ብቻ ነው።»

«ሺህ ነው የተጻፈባት!» ብሎ ጮኸ ታናሽየው። «ሁላችሁም አይታችኋል!»

«የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለ መካኒኩ። ከታሰረ ወዲህ ድምፁ ሲሰማ ይህ የመጀመሪያው ነው። «ሐሙስ ጋሼ መጡና "ፈራኋት፤ ለእኔ ትንሿ ትሻላለች፤ ወንድሜ ጎበዝ ነው፣ ትልቋን ይንዳ" አሉኝ። "ቁጥሩን ብቻ አቀያይርልኝ። ወንድሜ ፈሪ እንዲለኝ አልፈልግም" ብለው ቃል አስገቡኝ። የሞተ ሰው ምስጢር አላወጣም ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

«ታዲያ ሺዋ የት ናት?» አለ ታናሽየው።

መርማሪዋ በተከፈተው በር ወደ ደጅ ተመለከተች፤ እሱም ዓይኗን ተከትሎ የራሱን መኪና አየ። ወጣ። አዛዡ ሊከተለው ሲል እጁን ይዛ አስቀረችው። ታናሽየው ክዳኑን ከፈተ፤ ከወገቡ በላይ ወደ ሞተሩ አጎነበሰ። ሲመለስ ጣቶቹ ግሪስ ነክተው ነበር።

«ሁለት ናቸው» አለ።

«በእጅ ያለ ወርቅ…» ብለው ባለሱቁ ሳይጨርሱት ተዉት።

ሚስትየዋ ፊቱ መጥታ ቆመች። «ምን አድርጎህ ነው?» አለችው በቀስታ። «ንገረኝ፣ ምን አድርጎህ ነው?»

«እትዬ፣ ጫፉ ላይ ሆነን ለመንኩት። መኪናህን አንዴ ልንዳት አልኩት። አንዴ ብቻ፣ ከላይ እስከ ታች። አይሆንም አለ። ደግሜ ለመንኩት። ቁልፉን ሊሰጠኝ አልፈለገም። ሄልሜቱን አውልቆ ላቡን እየጠረገ ነበር። የጎማ መፍቻው እግሬ ሥር ነበር…» እጁን አየ።

አዛዡ ካቴናውን ከመካኒኩ እጅ ፈታ። ታናሽየው ሳይጠየቅ ሁለት እጁን ዘረጋለት።

«"ያንተን ንዳ" ነው ያለኝ» አለ። «የሰደበኝ መሰለኝ።»