ፍሬው ከሄደ በኋላ

«ኧረ እሷ ራሷ ናት!» አለች የአፍንጮ አክስት፣ ሽቶ የነካውን የእጇን አንጓ አፍንጫዋ ላይ ለጥፋ። ዓይኗ ሞላ። «ያው ፒሩ፣ ያው ኮኩ። እህቴ በሩን ከፍታ የገባች መሰለኝ።»

አፍንጮ ቀና ብላ ሰዓቱን አየች። ይህን ቅጽል ያወጣችላት እናቷ ናት፤ ሁሉን ነገር ካላሸተተች ስለማይሆንላት። እናቷ ሽቶ ቀማሚ ነበረች። ከሞተች ስምንት ወሯ ነው።

የሱቁ ሰዓት ሁለት ተኩል ይላል። አራት ተኩል ላይ የፋብሪካው ሰውዬ ይመጣል፤ የእናቷን የመጨረሻ የሽቶ ብልቃጥ ወስዶ፣ አስመርምሮ፣ በእናቷ ስም ሊያመርት።

ብልቃጡ ውስጥ ያለው ግን የእናቷ አልነበረም።

ጉዱ የተፈጠረው ቅዳሜ ነው። አንዴ ላሽተው ብላ ከመደርደሪያው ስታወርደው ከእጇ አመለጠ። ብልቃጡ አልተሰበረም፤ ክዳኑ ተፈናጥሮ ሽቶው በሙሉ ሲሚንቶው ላይ ፈሰሰ። እንዳይታወቅባት በሳሙና አጠበችው። ከዚያ የእናቷን ደብተር ገልጣ ጠብታ በጠብታ ቀመመች፤ ፍሬዎቹን ፒርና ኮክ፣ አበቦቹን ጃስሚንና ጽጌረዳ። ከታች እናቷ የጻፈችው «እንጨቱ እንደተለመደው» ብቻ ነው። እንደተለመደው! ሰንደል ይሁን? ስንት ጠብታ? ገምታ ጨመረች። ወረቀት ነክራ ስታሸት ቁርጥ እናቷ ሆነባት፤ ብልቃጡን ሞላችና ወደ ቦታው መለሰችው።

ከሰዓት በኋላ ግን እጇ ላይ የቀረው ያረረ ስኳር ይሸት ነበር። እናቷ ስንቴ ነግራታለች፦ «ወረቀት ይዋሻል፣ ቆዳ ይናገራል። ፍሬው እንግዳ ነው፣ ሳይቀመጥ ይሄዳል። አበባው ጎረቤት ነው፣ ትንሽ ያወጋል። አብሮሽ የሚያድረው እንጨቱ ነው።»

«ምን ሆነሽ ነው ሰዓት ሰዓት የምታዪው?» አለች አክስቷ መደርደሪያ እየወለወለች። «ፊትሽ አመድ መስሏል። ሰውዬው አይበላሽም እኮ! ጥርስም የቀረው አይመስለኝም።»

አፍንጮ ልትስቅ ሞከረች፤ ከንፈሯ እምቢ አላት። አክስቷ እጇን ባነሣች ቁጥር ሽታው ይመጣል። ሦስት ሰዓት ሲሆን ፒሩ በኗል። ኮኩም ከዳ። ጃስሚኑ ወጣ፣ ጽጌረዳው ከሥሩ፤ እስካሁን ደህና ነው። አራት ሰዓት ላይ እሱም ሳሳ፤ ያረረው ስኳር ብቅ አለ። ዝም ብትልስ? ሰውዬው ብልቃጡን ይዞ ይሄዳል፣ አክስቷ እጇን ትታጠባለች፣ ማን ያውቃል? ከዚያ በየሱቁ፣ በእናቷ ስም፣ ያረረ ስኳር ይሸጣል።

አክስቷ አንጓዋን ደግማ አሸተተች። ግንባሯ ተቋጠረ።

«እኔ እንጃ... እኔ ሽታዋን የማውቀው ጠዋት ሥራ ስትገባ ነው። ወደ ማታ እንዲህ ይሆን ነበር እንዴ? አንቺ ነሽ የምታውቂው፣ አንገቷ ሥር ተወሽቀሽ ነው ያደግሽው።»

«አዎ» ማለት ብቻ ነበር የቀራት። አንዲት ቃል።

«አይሆንም ነበር» አለች። ድምፅዋ የራሷ አልመስል አላት። «እኔ ነኝ የቀመምኩት፣ አክስቴ። የእማዬ ፈሷል። እኔ ነኝ ያፈሰስኩት።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

አክስቷ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች። ብትቆጣ ይሻል ነበር። እጇን ጭኗ ላይ ገልብጣ የሌላ ሰው እጅ ይመስል ታየዋለች።

በሩ ተንኳኳ። ሁለቱም አልተነሡም። እንደገና ተንኳኳ።

«መጣ» አለች አክስቷ በሹክሹክታ። «ምን ልበለው? አፌ አይፈታልኝም።»

የማታው የእናቷ ሽታ አፍንጮ ጭንቅላት ውስጥ አለ። ወይም ያለ ይመስላታል። ጠብታ በጠብታ፣ ቆዳ ላይ እየሞከሩ፣ ሰዓት እየጠበቁ ቢፈልጉት ይገኝ ይሆን? ላይገኝም ይችላል። ተነሣች።

«ቁጭ በይ። እኔ እነግረዋለሁ» አለች። መቀርቀሪያውን ስባ በሩን ከፈተች።