ሐሙስን ማንም አልመረጠም

«ግንባር ዴስክ ላይ! አጮልቆ ያየ ወዮለት!» አሉ ቲቸር ዘነበ።

ክፍሉ ሁሉ ተደፋ። ቲቸር በዝግታ መጥተው የሉሲን ትከሻ ነካ አደረጉና ጠመኔ አስጨበጧት። ምርጫ ሲኖር ልማዳቸው ነው፤ የወጡትን እጆች ማን እንደቆጠረ እንዳይታወቅ አንዱን በምስጢር ወደ ሰሌዳው ያስነሳሉ። ራሳቸው ደግሞ ፊታቸውን ወደ ኋላው ግድግዳ ያዞራሉ፣ እሳቸውን ለማስደሰት ብሎ እጅ የሚያወጣ እንዳይኖር።

የሚመረጠው ቲቸር ታመው የቀረው የሂሳብ ፈተና የሚሰጥበት ቀን ነው። ከሠላሳ ይያዛል። ሉሲ ደግሞ ቅዳሜ መምጣት አትችልም። ቅዳሜ ከዲላ ወጣ ብላ ባለችው ጪጩ፣ እነሱ ቤት የቡና ለቀማ ደቦ አለ። አባቷ የጎረቤቱን ሁሉ ቡና ሲለቅሙ ከርመው አሁን ተራው የእሳቸው ነው። የባለ ደቦው ልጅ ከቀረች ሰው ምን ይላል? ይህንን ለክፍሉ መናገር ደግሞ ሞቷ ነው። የዲላ ልጆች «ፋራ» ይሉኛል ብላ ትፈራለች። ስለ ደቦው የምታውቀው ጓደኛዋ ትጊ ብቻ ናት። ትናንት እንኳ «አታስቢ ነፍሴ፣ ማክሰኞ ነው የምለው። ሙች!» ብላ ምላላት ነበር።

«ሰኞ» አሉ ቲቸር። እጅ የለም። ሉሲ ሰሌዳውን በጠመኔው ኳ አደረገች፤ ይቀጥሉ ማለት ነው።

«ማክሰኞ።»

እጆች ብቅ ብቅ አሉ። የትጊ ግን ዴስኩ ላይ እንደተኛ ነው። አልሰማችም ይሆን? ሉሲ ኳ ሳታደርግ ጠበቀች። አሁንም ጠበቀች። ወይ ፍንክች! የራሷን ድምፅ ጨምራ አሥራ ዘጠኝ ጻፈች።

ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ ዓርብ ባዶ ሆኑ።

«ቅዳሜ።»

የትጊ እጅ ከሁሉም ቀድሞ ወጣ። አንጓዋ ላይ ሉሲ የሠራችላት የክር አምባር አለ። ከማንም ብትጠብቅ ከእሷ አልጠበቀችም! ቆጠረች፤ ሃያ።

አንዷን እጅ ወደ ማክሰኞ ብታዞራት ማን ያያል? ደግሞስ ለማክሰኞ ቃል የተገባባት እጅ አይደለችም? ጠመኔው መዳፏ ውስጥ እስኪፈረካከስ ጨበጠችው። ከዚያ በቀረችው ቁራጭ ሃያ ብላ ጻፈች። ሰሌዳውን ኳ አድርጋ ተመልሳ ከትጊ ኋላ ያለው ቦታዋ ላይ ተደፋች።

«ቀና በሉ!»

ታዲዮስ የተባለው ቀልቃላ ልጅ ወዲያው ብድግ አለ። «ቲቸር፣ አማካዩን እንውሰድ! ሰኞን አንድ፣ ማክሰኞን ሁለት እያልን ቅዳሜን ስድስት...» በየቀኑ ድምፅ እያባዛ ደመረና ለሠላሳ ዘጠኝ አካፈለ። «አራት ገደማ! በቃ፣ ሐሙስ!»

የሉሲ ልብ ዘለለ። ሐሙስ ለእሷ ግሩም ነው።

«ሐሙስን ማን መረጠ?» አሉ ቲቸር። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። «ቀን አይደመርም፣ አይካፈልም። እንዲህ ስናደርግ አማካዩ ማንም ያልፈለገውን ቀን አመጣብን። ለእንዲህ ያለው ነገር ከሁሉም በላይ የተደጋገመውን ነው የምንወስደው። ሞድ ይባላል። ሞዱ የቱ ነው?»

«ሃያ!» ብሎ ጮኸ አንዱ።

«ሃያማ የእጆቹ ብዛት ነው። ሞዱ የተመረጠው ቀን ነው።»

«ቅዳሜ!» አለ ክፍሉ።

ትጊ ወደ ኋላ ዞራ ከንፈሯን መጠጠች። «እኔኮ ማክሰኞ ነው ያልኩት፣ የኔ ቆንጆ። በአንድ ድምፅ! አያናድድም?»

ሉሲ ትኩር ብላ አየቻት። «ማክሰኞ አይመቸኝም» ብትላት ምን ነበረበት? ከድታት ስታበቃ አብራት ታዝናለች?

ሉሲ ቀኝ እጇን ወደ ላይ አወጣች።

«ቲቸር፣ እኔ ቅዳሜ መምጣት አልችልም። እኛ ቤት የቡና ደቦ አለ።»

ከመስኮቱ በኩል አንዱ ኪኪኪ አለ። የሉሲ ፊት ጋለ፤ እጇን ግን አላወረደችም።

ትጊ አልሳቀችም። አፏን እንደከፈተች፣ ከፊቷ የተዘረጋውን በጠመኔ የነጣ የሉሲን መዳፍ ታያለች።