ትንፋሽ ተርፎኝ ነው

በዚያ የጦር ኮሌጅ ሴቶቹ ይተኩሳሉ፣ ምሽግ ይቆፍራሉ፣ የራሳቸውን ክብደት የሚያህል ሸክም አዝለው ዳገት ይወጣሉ። ኳስ ብቻ አይጫወቱም። ማን ከለከላቸው ቢባል የከለከለ የለም፤ እንዲህ ያለ ነገር ያሰበ ሰው ስላልነበረ ለመከልከል እንኳ የደረሰ አልነበረም።

መጀመሪያ ያሰበችው ሚስማር ናት። ስሙን ያወጣላት የሰልፍ አስተማሪዋ ነው፤ ቀጭን ናት፣ ቀጥ ያለች ናት፣ አናቷ ላይ በጮኹባት ቁጥር ይበልጥ ትተከላለች። ይቺ እጩ መኮንን አንድ ቀን የስፖርት ክፍሉ ኃላፊ የሆኑት ኮሎኔል ቢሮ ገብታ የሴቶች የእግር ኳስ ቡድን ይቋቋምልን አለች። ኮሎኔሉ ሲስቁ የሆዳቸው ቁልፍ ተፈንጥሮ የግድግዳውን ሰዓት መትቶ አቆመው ይባላል። ሰዓቱ እስከ ዛሬ እንደቆመ ነው፤ ያላመነ ሄዶ ማየት ይችላል።

ከዚያ ፈቀዱላት። ክፋታቸው እዚህ ላይ ነው። ቢከለክሏት ትከራከራቸው ነበር፤ የፈቀደን ሰው ምን ይሉታል?

ፈቃዱ እንደ ጃርት ነበር፣ የትም ቢይዙት ይወጋል። ጫማ ተብሎ የተሰጣቸው ወንዶቹ የጣሉትን ሲሆን አብዛኛው የግራ እግር ነው። ሜዳው የሚለቀቅላቸው ወንዶቹ ጠግበው ከወጡ በኋላ፣ ባንዲራ ሊወርድ ሲል ነው። ልብስ መቀየሪያ ደግሞ ከሙዚቃ ጓዱ ክፍል ግማሹ በጣውላ ተከልሎ ተሰጣቸው፤ ከበሮዎቹም ኮሪደር ላይ ተወርውረው ቀሩ።

የባንዲራው ነገር እንዲህ ነው። ሲወርድ ጥሩምባ ይነፋል፣ ጥሩምባው እስኪያበቃም ወታደር የሆነ ሁሉ ባለበት ተጠንቀቅ ብሎ፣ ፊቱን ወደ ባንዲራው መልሶ ይቆማል። ማንኪያ ያነሳ ማንኪያውን እንዳነሳ ነው። አንድ የምግብ ቤት ወታደር ጥሩምባው ሲጀምር የመጣበትን ማስነጠስ ውጦ ይዞት ቆይቶ፣ ያስነጠሰው ፈቃድ ወጥቶ እናቱ ቤት ከገባ በኋላ ነው።

ምሰሶው የተተከለው ከታችኛው ጎል ጀርባ ነው። ሜዳውም ወደዚያው ያዘነብላል፤ ኳስ ዝም ካሏት ወደ ባንዲራው ትንከባለላለች። ከምሰሶው ሥር ቆሞ ጥሩምባውን የሚነፋው ደግሞ የሙዚቃ ጓዱ ወታደር ጉንጮ ነው።

ጉንጮ ይህን ስም ያገኘው ሲነፋ ሁለት ብርቱካን አፉ ውስጥ የደበቀ ስለሚመስል ነው። የጓዱ ከበሮዎች ኮሪደር ላይ ከተጣሉ ወዲህ የሴቶቹን ቡድን ዓይኑ ማየት አይፈልግም። እነሱ ልብስ ሊቀይሩ ሲገቡ ጠብቆ ከጣውላው ወዲያ ጆሮ የሚበጥስ ልምምድ ይጀምራል፤ እነሱም ጣውላውን በጫማ ይደበድባሉ። የግራ ጫማ እንደሆነ ሞልቷል።

ልምምዳቸውን በየቀኑ የሚቆርጠው እሱ ነው። ሚስማርም በየቀኑ ላቧን እያንጠባጠበች ፊት ለፊቱ ተጠንቀቅ ብላ ትቆማለች። አንድ ቀን ኮሪደሩ ላይ መንገድ ዘጋባት።

«ስነፋ ለምንድነው የምታፈጥጪብኝ?»

«ማን አንተን ያያል? ባንዲራውን ነው የማየው።»

«ባንዲራው እኮ ከላይ ነው። እኔ ከሥር ነኝ።»

«ታዲያ ከሥሩ ጥፋ።»

የመጀመሪያ ግጥሚያቸው ከነርሶች ትምህርት ቤት ጋር ነበር። ነርሶቹ ሲቪል ናቸው፣ የኮሌጁን ሕግ የነገራቸውም የለም። ጨዋታው ባዶ ለባዶ ሆኖ ሊያልቅ ሲል ጥሩምባው ተነፋ። ሚስማርና ጓደኞቿ ባሉበት ደረቁ። ዳኛውም ወታደር ነውና ፊሽካውን እንደጎረሰ ደረቀ። ነርሶቹ መጀመሪያ ደነገጡ፤ አንዷማ ሕመም መስሏት የተከላካይዋን የልብ ምት ለካች። ደህና መሆኗን ስታውቅ ኳሷን እየገፋች ሄደች፣ በረኛዋን ይቅርታ ጠይቃ በጎኗ አለፈች፣ አገባች። ሌሎቹም ተከተሏት። ጥሩምባው እስኪያልቅ ድረስ ተቀያሪዎቹ ሳይቀሩ ጎል ደረሳቸው።

ሚስማር ኮሎኔሉ ፊት ቀርባ አቤት አለች። ኮሎኔሉ የሳቅ እንባቸውን እየጠረጉ፣ ተመልካቹ ሁሉ እየሰማ ፈረዱ።

«ዳኛው ፊሽካ ካልነፋ ጨዋታ አልቆመም። የገባ ጎል፣ ጎል ነው።»

ቡድኑም በዚሁ ይበተን አሉ። ሚስማር ቢሯቸው ድረስ ተከትላ ከፊታቸው አልነቀል አለች። አሰናበቷት፤ ቆመች። ተቆጧት፤ ቆመች። መጨረሻ ላይ ሲሰለቻቸው፣ ከወንዶቹ ቡድን ጋር ኮሌጁ በሙሉ ባለበት ትጋጠማላችሁ አሏት። ማሸነፍ አይጠበቅባችሁም፣ አንድ ጎል ብቻ አግቡ፤ ካገባችሁ ቡድኑ ይቀጥላል፣ ካላገባችሁ ኳስ የሚለውን ቃል ከሴት አፍ እንዳልሰማ አሉ። ቢሮው ውስጥ የነበሩት መኮንኖች ሁሉ ሳቁ። ለኮሎኔሉ የሳቀ ሰው ደግሞ ቶሎ አያቆምም።

ንዴቷን ኮሎኔሉ ላይ መወጣት አትችልም። ጥሩምባ ውስጥ ካልሲ መወተፍ ግን ትችላለች።

ቀኑን ሙሉ የተሮጠበት ካልሲ ነው፤ ተረከዙ በቀይ ክር የተሰፋ። በማግስቱ ባንዲራ ሊወርድ ሲል ጉንጮ ነፋ፤ ድምፅ የለም። ደግሞ ነፋ፤ ጥሩምባው እንደ ተራበ ሆድ ተንጫጫ። ሳንባውን አሟጥጦ ሲነፋ ካልሲው ተተኮሰ፣ አየር ላይ ዞረ ዞረና የኮሎኔሉ ትከሻ ላይ፣ ልክ ከማዕረጋቸው ጎን አረፈ። ኮሎኔሉ ተጠንቀቅ ላይ ናቸው፤ ማራገፍ አይችሉም። ጥሩምባው እስኪያልቅ እንደ ኒሻን ለብሰውት ቆሙ።

ሴቶቹ በሳቅ ሊፈነዱ ምንም አልቀራቸውም። ኮሎኔሉ ግን ጉንጮን አስጠርተው ካልሲው የማን እንደሆነ አፋጠጡት። የራሴ ነው ጌታዬ፣ ጥሩምባውን ስወለውል ረስቼው ነው አለ። ያች ቀይ ክር የማን እንደሆነች ግን አሳምሮ ያውቅ ነበር፤ ሚስማር ጫማ ባወለቀች ቁጥር በኮሪደሩ ሲያልፍ አይቷታል። በየቀኑ ከባንዲራ በኋላ ሜዳውን እንዲዞር ተፈረደበት።

ሚስማር በመስኮት ሲሮጥ አየችው። ደስ ሊላት ይገባ ነበር። አላላትም።

አንድ ቀን የመቀየሪያ ክፍላቸው በር እጀታ ላይ ካልሲው ተሰቅሎ አገኘችው። ታጥቧል። ጣቱ በኩል የነበረው ቀዳዳ፣ ዛሬ ነገ እያለች የተወችው፣ በጥቁር ክር ተሰፍቷል፤ ስፌቱ የወታደር ነው፣ ወፍራምና ጠማማ። ሌሎቹ እስኪወጡ ጠበቀችና አግዳሚው ላይ ቁጭ አለች። ከጣውላው ወዲያ ጥሩምባው ዝም ብሏል፤ እሱ ግን እንዳለ ትንፋሹ ይሰማታል።

«ለምን አልተናገርክም?» አለች ለጣውላው።

ጣውላው መለሰ።

«ብናገር ያባርሩሻል። ከዚያ ማን ያፈጥጥብኛል?»

«ባንዲራውን ነው አልኩህ።»

«እሺ። ማን ባንዲራውን ያይልኛል?»

ካልሲውን ይዛ ተነሳች። ስትወጣ ጣውላውን አንድ ጊዜ በጣቷ ቆረቆረችው። ያንን ምት ጉንጮ በኋላ በከበሮ ሊያወጣው ሞክሮ አልሆነለትም።

ከዚያ ወዲህ ጠባቸው አልቀረም፤ መልኩ ነው የተለወጠው። አሁንም በኮሪደሩ ሲተላለፉ ይሰዳደባሉ፤ ግን አንዱ ካልመጣ ሌላው ስድቡን ይዞ ይጠብቃል። የቀረው ኮሌጅ ከልቡ ነበር የሚጠላቸው። ወንዶቹ በራቸው ላይ የሕፃን ጡጦ ሰቀሉ፤ ሜዳ ሲገቡ ያፏጩባቸዋል። ምግብ ቤት ውስጥ የቡድኑ በረኛ ሳህን ወድቆባት ሲሰበር አዳራሹ በሙሉ ተነስቶ ጎል ብሎ አጨበጨበ። ልጅቱ ራቷን ትታ ወጣች። ቡድኑ ከተበተነ በዚህ ኮሌጅ ወንድ ብቻ ሳይሆን ሳህንም እንደሚስቅባቸው ሚስማር አወቀች።

የግጥሚያው ቀን፣ ሜዳ ከመግባታቸው በፊት ጉንጮ ኮሪደሩ ላይ ጠበቃት። የዚያን ቀን አልተሳደበም።

«ጥሩምባውን ትንሽ ባዘገየው? ጨዋታው ሳይቆረጥ ጊዜ ታገኛላችሁ። ከንፈሬን አሞኝ ነበር እላለሁ።»

ልቧ እሺ ሊል ሲል አፏ ቀደመው።

«በሰዓቱ ንፋ። በውለታ የገባውን ጎል እነሱ ጎል አይሉትም፤ እኔም አልለውም። አንተም ትባረራለህ።»

«ብባረርስ?»

«ማን ከባንዲራው ሥር ይቆማል?» አለችና፣ ያለችው ነገር ለራሷ ሲገባት ፊቷ እስከ ጆሮዋ ድረስ ግሎ እየሮጠች ሄደች።

ስለ ጨዋታው ብዙ ባይባል ይሻላል። የወንዶቹን ጎል ሰሌዳ ላይ የሚጽፈው ወታደር ጠመኔው አልቆበት በከሰል ቀጠለ። በረኛቸው ኳስ የሚባል ነገር ሳያይ ስለዋለ ሰለቸውና፣ ከዕረፍት በኋላ ያንን የታችኛውን ጎል ባዶውን ትቶ እስከ መሐል ሜዳ መጥቶ ከተመልካች ኦቾሎኒ እየለመነ ይበላል። ኮሎኔሉ የክብር ወንበራቸው ላይ ተንፈላስሰዋል። የሴቶቹ በረኛ አንድ እጇ አብጦ በሌላው ትይዛለች፣ ተከላካይዋ ታነክሳለች፤ አንዳቸውም ግን ልውጣ አላሉም።

ጀምበር ልትጠልቅ ስትል ከወንዶቹ አንዱ ተመልካች ለማሳቅ ኳሷ ላይ ሊቀመጥ ሞከረ። ሚስማር ከሥሩ ነጠቀችው። ቀና ስትል ከጎሉ ጀርባ፣ ከምሰሶው ሥር፣ ጉንጮ ጥሩምባውን ወደ አፉ ሲያነሳ አየችው። በሰዓቱ ነው። እንዳለችው ነው። ጥሩምባው ሳይነፋ የቀራት አንድ ምት ብቻ ነበር፤ ቀኝ እግሯ ላይ ባጠለቀችው የግራ ጫማ ባለ በሌለ ኃይሏ መታች። ጫማው ከዳት፤ ኳሷ እንደ ሰነፍ ተማሪ እየተጎተተች ሄደች።

ጥሩምባው ተነፋ። ሜዳው ሁሉ ቀጥ አለ። ኮሎኔሉ ተነስተው ቀጥ አሉ። ኳስ ግን ወታደር አይደለችም።

ቁልቁለቱን ይዛ ተንከባለለች። በአንዱ ተከላካይ እግሮች መሐል አለፈች፤ እግሩን መግጠም ሲገባው ከፍቶ የቆመበትን ቀን እስከ ጡረታው ይረግመዋል። በረኛው መሐል ሜዳ ላይ ኦቾሎኒውን ሳያኝክ ደርቆ ኳሷን በዓይኑ ይሸኛታል። ጎሉ አጠገብ ስትደርስ ሣር ያዛትና ቀዘቀዘች። ዜማውም መጨረሻው ድምፅ ላይ ደረሰ፤ እሱ ካበቃ ተከላካዮቹ ይፈታሉ።

የዚያችን ድምፅ ርዝመት የሚወስን ሕግ የለም። ገመዱን የያዘው ወታደር ባንዲራውን ከድምፁ እኩል ያወርዳል፤ ድምፁ ሲያልቅ ባንዲራው እጁ ይገባል፤ በቃ። ጉንጮ ኳሷ ወደ እሱ ስትመጣ አያት። ድምፁንም ያዘው።

ያዘው። ብርቱካኖቹ ሐብሐብ አከሉ። ፊቱ ቀላ፣ ጠየመ፣ ስም የሌለው ቀለም ሆነ። ገመድ ያዡ ባንዲራውን ጣቱ ጫፍ ላይ አንጠልጥሎ ቀረ። አንዲት ወፍ የኮሎኔሉ ኮፍያ ላይ አርፋ፣ ቦታውን ወደደችውና ሣር ልታመጣ ሄዳ ተመለሰች፤ ይህን በዓይናችን አየን ብለው የሚምሉ አሉ። ሚስማር ተጠንቀቅ እንዳለች ነበር። የዚያን ጊዜ ግን ባንዲራውን አላየችም። ከእነዚያ ጉንጮች በላይ ያሉት ሁለት ዓይኖች እሷ ላይ ተተክለው ነበር፤ እሷም አልሸሸቻቸውም። በኮሪደር፣ በጣውላ፣ በስድብ ያልተባባሉት ሁሉ በዚያች በአንዷ ድምፅ ላይ አለፈ።

ኳሷ መስመሩ ላይ ደረሰች። እንደ ዓይን አፋር እንግዳ ደጃፉ ላይ ትንሽ አመነታች። ገባች።

ድምፁ አለቀ። ጉንጮም መሬት ላይ ተቀመጠ።

ኮሎኔሉ ይህ ጎል አይደለም ብለው ጮኹ። ሚስማር ሄዳ ከፊታቸው ቆመች።

«ዳኛው ፊሽካ ነፍቶ ነበር ጌታዬ?»

ከኋላ መቀመጫ አንድ ሰው የገባ ጎል ጎል ነው ሲል አጉረመረመ፤ ከጎኑ ያለው ደገመው፤ እንደ ወረርሽኝ ተዛመተ። ከሚያፏጩባቸው ወንዶች ግማሾቹ ሳይቀሩ አሉት። ዳኛው አፉ ውስጥ የቀረውን ፊሽካ ነፋ። የሴቶቹ በረኛ በዚያ ባበጠ እጇ የጎሏን ቋሚ አቅፋ አለቀሰች።

ኮሎኔሉ ንዴታቸውን ይዘው ጉንጮን አስጠሩ። ከንፈሩ ተሰንጥቆ ደም ይዟል።

«ያ የመጨረሻው ድምፅ ለምን ረዘመ?»

«ትንፋሽ ተርፎኝ ነው ጌታዬ።»

ከተረፈህማ ሩጥበት ተባለ። የድሮው ቅጣት ሳያልቅ አዲስ ተጨመረበት።

በማግስቱ ባንዲራ ከወረደ በኋላ ብቻውን ሜዳውን ሲዞር ከኋላው የማይመሳሰል የጫማ ኮቴ ሰማ። ሚስማር ናት። ምንም ሳትል ከጎኑ ሆና ሮጠች፤ እሱም ማን ጠራሽ አላላትም። ምሰሶው ጋ ሲደርሱ ቆመ። ቁና ቁና እየተነፈሰ በዚያ በተሰነጠቀ ከንፈሩ ፈገግ ሊል ሞከረ።

«ባንዲራው ወርዷል። ተጣጥፎ ገብቷል» አላት። «አሁን ታዲያ ምንድነው የምታዪው?»

ሚስማር ባዶውን ምሰሶ ሽቅብ አየችው። ሰበብ የሚሆናት ምንም ነገር አልተሰቀለበትም። ከዚያ እግሮቿን ገጠመች፣ እጆቿን ከጎኗ አሳረፈች፣ ጥሩምባም ባንዲራም በሌለበት ፊት ለፊቱ ተጠንቀቅ ብላ ቆመች። ኮሎኔሉ ከቢሯቸው መስኮት ሩጡ እያሉ ይጮኻሉ። በጮኹ ቁጥር ይበልጥ ተተከለች።