ጣይባ የወደቀች ጊዜ

«እኔ እኮ አልታመምኩም፣ እማ።»

እናቷ ኡሙሰልማ መች ሰምታ። የበጠበጠችውን ፌጦ የከሪማ አፍ ላይ ደቅና ቆማለች። ጉንፋን የያዛት መንታዋ ጣይባ ናት፤ በእነሱ ቤት ግን አንዷ ስታስነጥስ ሁለቱም ይጠጣሉ። አንዷ የቀመሰችውን ሌላዋ ካልቀመሰች መንታ ይጎዳል ብላ እናትየው ትፈራለቻ። ከሪማ ስንቱን መራራ ለእህቷ ቁርጠት ጠጥታለች፣ ለእህቷ ብጉርም ፊቷን ተቀብታለች። ይኼንንም ጨለጠችው።

የዘንድሮው ግን ከፌጦም ባሰ። ጣይባ ዓመቱን ሙሉ የቀበሌው ኪነት ቡድን ውስጥ እስክስታ ስትመታ ከርማ አስራ አንደኛ ክፍልን ወደቀች፤ ከሪማ አለፈች። እናትየው ፈረደች፤ ከሪማም ትድገም። ሰፈሩ ይኼን ሲሰማ፣ አይ ደሴ፣ ግማሹ ደግ አደረገች አለ፣ ግማሹ በነጠላው አፉን ይዞ ሳቀ።

ከሪማ ንድድ አላት። ቡልጋሪያ ተምሮ የመጣው የባዮሎጂ አስተማሪያቸው ሞላልኝ ያስተማረውን ለእናቷ ዘረዘረችላት። የዘር ጽሑፍ አራት ፊደል አለው፣ አንዷ ሳይቶሲን ትባላለች። እሷ ላይ አንዳንዴ ሜቲል የምትባል ቅንጣት ትለጠፋለች፤ አንድ ካርቦን፣ ሦስት ሃይድሮጅን። ፊደሏ ያችው ፊደል ናት። ግን የአንድ ዘር፣ ጂን የሚሉት፣ መነሻ ላይ ቅንጣቷ ከበዛች ያ ዘር ብዙውን ጊዜ ሳይነበብ ይታለፋል። ለዚህም ነው የዓይንና የጉበት ሴል ጽሑፋቸው አንድ ሆኖ ሥራቸው የተለያየው። እንደ እነሱ ያሉ አንድ ዓይነት መንቶችም ጽሑፋቸው አንድ ነው፤ ቅንጣቷ ግን እያደጉ ሲሄዱ በየአንዳንዳቸው ላይ በተለያየ ቦታ ትለጠፋለች።

ኡሙሰልማ አገጯን ይዛ አዳመጠች። «እንግዲያው ሞላልኝ የጣይባን ቅንጣት ያንሳላት።»

ከሪማ ብስጭቷን ይዛ አስተማሪው ዘንድ ሄደች። እሱም ሳቀባት። «ሜቲል ጣላት መች አልኩ? ጣይባን የጣላት ኪነት ነው።»

«እኔስ፣ ቲቸር?»

«አንቺ መች ወደቅሽ?»

የምዝገባው ቀን እናትየው ሁለቱንም አስራ አንደኛ ተመዝገቡ ብላ ላከቻቸው። የትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ሁለት ሰልፍ ተሰልፏል፤ አንዱ የአስራ አንደኛ፣ አንዱ የአስራ ሁለተኛ። ጣይባ የእህቷን ክንድ ጨምድዳ ይዛለች።

«ብቻዬን ከሆነ ወላሂ አልመዘገብም» አለች። «ሁሉም ይስቅብኛል።»

«አቦ፣ እስክስታውን ስትመቺ መች አፈርሽ?»

ጣይባ ዓይኗ እንባ ሞላ። ከሪማ ተናደደች፣ በእህቷም በራሷም። ወሬ የሚወዱት ልጆች ሁሉ አንገታቸውን አስግገው ያያሉ። ከሪማ ከእህቷ ጋር አስራ አንደኛው ሰልፍ ላይ ቆመች። ሰልፉ ቀስ እያለ ወደፊት ገፋ። ጣይባ ጠረጴዛው ጋ ደርሳ፣ ስሟን ተናግራ ተመዘገበች።

መዝጋቢው ቀና አለ። «አንቺስ?»

«እኔ እሷን ላደርስ ነው» አለች ከሪማ።

ክንዷን ቀስ አድርጋ አስለቀቀች።

«ለእማ እኔ ነኝ የምነግራት። አንቺ ዝም በይ» ብላ ወደ አስራ ሁለተኛው ሰልፍ ሄዳ መጨረሻ ላይ ቆመች።