ጉብታው ወደ ውስጥ

አንቺዬ... ቁጭ በይና ስሚኝ።

ወሬ ላይ ጨው እንደምጨምር ታውቂያለሽ። ይሄንን ግን እንዳለ ነው የምነግርሽ። ድሮ ቢሆን "እማዬ ትሙት" ብዬ እምልልሽ ነበር።

አሁን በሷ መማል ቀርቷል...

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ጠራራ ፀሐይ። ቦታው የአጎቴ ማተሚያ ቤት፣ የኋላው ክፍል... ብሮሸር የምናጥፍበት።

እዛ የእማዬ ጠረጴዛ አለ። ዕድሜዋን ሙሉ ወረቀት ስታጥፍ የኖረችበት። ክንዷ የሚያርፍበት ጋ ቀለሙ ለቋል። እሷ ስትሞት ቦታዋን እኔ ያዝኩ።

ማጠፍ ቀላል ይመስልሻል አይደል? ሞክሪዋ! ወፍራም ወረቀት ዝም ብሎ አይታጠፍም። መጀመሪያ የሚታጠፍበት ቦታ ላይ በመጫኛ ማሽን መስመር ይወጣለታል። በአንድ በኩል ይጎደጉዳል፣ በሌላ በኩል ትንሽ ጉብታ ይወጣል። ስታጥፊው ጉብታው ወደ ውስጥ ነው መግባት ያለበት። ከገለበጥሽው ቀለሙ ይሰነጠቅና ነጩ ይወጣል። ከዛ በማንኪያ ጀርባ ጥብቅ አድርገሽ ትጫኚዋለሽ።

እኔ ሁሌ እገለብጠዋለሁ። ሁሌ!

እማዬ ታዲያ ከኋላዬ ቆማ፣ "ጉብታው ወደ ውስጥ፣ ሚጢጢ" ትለኝ ነበር። አትቆጣም። "ሚጢጢ" የሚለኝም ሌላ ሰው የለም።

ያን ቀን አጎቴ በሩ ላይ ቆመ።

"ስሚ ልጄ፣ ይሄን ሥራ ዛሬ አመሻሽ ላይ ይወስዱታል። ደግመሽ ካበላሸሽ ጠረጴዛው ይወጣል፣ ማጠፊያ ማሽን ይገባል።"

"ጋሼ፣ የእማዬ ጠረጴዛ'ኮ ነው!"

"ለኔስ እህቴ አይደለችም?" ብሎ ፊቱን አዞረ።

ማጠፍ ጀመርኩ። ዓይኔ እንባ ሞልቶ ምን ያያል? ጠረግ ጠረግ አድርጌ ሳየው... ክምሩ በሙሉ ተሰንጥቋል።

ገልብጬዋለሁ።

ጠረጴዛው ሥር ደበቅኩትና ፊቴን ልታጠብ ወጣሁ። መብራት ጠፍቶ ማሽኖቹ ሁሉ ዝም ብለዋል።

ስመለስ...

ወንበሩ ጠረጴዛው ጋ ልጥፍ ብሏል። እኔ እግሬ ረጅም ነው፣ አርቄ ነው የምቀመጠው።

ማንኪያው በግራ በኩል ነው። ግራኟ እማዬ ነበረች...

መሃል ላይ አንድ ብሮሸር ታጥፎ ተቀምጧል። ጉብታው ወደ ውስጥ። አነሳሁት።

እጥፉ ይሞቃል። ማንኪያ አሁን እንዳለፈበት።

አጎቴ ጋ ሄድኩ። በሹክሹክታ...

"ጋሼ... ኋላ ገብተው ነበር?"

"ከዚህ አልተነቃነቅኩም። ምነው? ፊትሽ አመድ መሰለ።"

"ምንም።"

ምን ልበለው?

ተመልሼ ቁጭ አልኩ።

"እማዬ... አለሽ?"



አልፈራሁም ብልሽ ውሸት ነው። ግን ከፍርሃቱ የባሰብኝ እንዳትሄድብኝ መስጋቴ ነው። ድምጿን አንዴ... አንዴ ብቻ ብሰማ!

ጥርሴ የምትባል ጓደኛ አለችኝ። አብረን ነው የተማርነው፤ ስትስቅ ስለምትውል ነው ጥርሴ የምላት። ከቤተሰቦቿ ጋር ሩቅ አገር ሄዳለች፣ የማተሚያ ቤቱን በር እንኳ ረግጣ አታውቅም። እማዬ መታመሟን ታውቃለች። መሞቷን... አልነገርኳትም። ልነግራት ስል አፌ ይተሳሰራል። ለሷ እስካልነገርኳት ድረስ እማዬ የሆነ ቦታ ላይ የታመመች ብቻ ናት።

በዛች ሰዓት ግን ልነግራት ወሰንኩ። የስልኬን ድምፅ መቅጃ ነካሁና፣ "ጥርሴ..." አልኩ።

ከዛ ለቅሶ ብቻ።

ስልኩን እዛው ጠረጴዛው ላይ ትቼ እያለቀስኩ ማጠፍ ጀመርኩ። ብታይ... አንዱንም አልገለበጥኩም! እጄ የኔ አይመስልም። ሲወጣልኝ ቅጂውን እንዳለ ላኩላት።

የደበቅኩትን ላወጣ ጎንበስ አልኩ።

ስንጥቅ የለም። አንድም።

አጎቴ ገብቶ አንዱን አነሳ። በአውራ ጣቱ ዳበሰው። 

"ጠረጴዛው ይቀመጥ" አለኝ።

ያኔ ስልኬ ጮኸ። ጥርሴ ናት።

መልሷን አንብቤ የላክሁላትን ቅጂ ከፈትኩት። ጆሮዬ ላይ ለጥፌ። የኔ ለቅሶ... የወረቀት ኮሽታ... ሌላ ምንም። እስከዛሬ መልሼ መላልሼ እሰማዋለሁ፤ ለኔ ምንም የለም።

ጥርሴ የጻፈችልኝ ግን ቃል በቃል ይኸው፦

"ውይ እናትሽ ተሻላቸው እንዴ! ደስ ሲል! ታዲያ አንቺ ምን ያስለቅስሻል? ከኋላሽ ሆነው 'ጉብታው ወደ ውስጥ፣ ሚጢጢ... ጎሽ' ሲሉሽ ሰማኋቸው እኮ። ሰላም በይልኝ።"