ዝግ የተባለው ክዳን

መካኒኩ የሞተው የሳሙና ማደባለቂያውን ሊያጸዳ ውስጡ ገብቶ ሳለ ማሽኑ ስለተነሳበት ነው። ነገር ወግታ በማውጣቷ ባልደረቦቿ «መርፌ» የሚሏት መርማሪ ከጠዋት ጀምሮ ስትጠይቅ ውላ ያገኘችው ተጠርጣሪ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም «ስርዓቱ»። ማንን ብትጠይቅ «ስርዓቱ ነው» ይላታል። ስርዓት ደግሞ ካቴና የሚገባበት እጅ የለውም። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ሆነባት።

በእርግጥ ቁልፉን የተጫነው ሰው ይታወቃል። ኦፕሬተሩ ነው፤ የሟች ሚስት ታናሽ ወንድም። እህቱ «የልጆቼን አባት በላኸው» ካለችው ወዲህ አንድ ቃል አልተነፈሰችለትም።

«ሰውየው ውስጥ እንዳለ አታውቅም ነበር?»

«ጋሼ እያጸዳ እንደነበር አውቃለሁ። ግን ከእኔ ክፍል ማሽኑ አይታይም፤ የማየው አምፖሉን ነው። ቀይ ከሆነ ክዳኑ ክፍት ነው፣ አረንጓዴ ከሆነ ዝግ። በዚያ ጠዋት ኤሌክትሪክ ተቋርጦ ሲመለስ ቀይ በራ። ለሥራ አስኪያጁ ደወልኩ። ትንሽ ቆይቶ አረንጓዴ ሆነ። ጋሼ ጨርሶ የዘጋው መሰለኝና ቁልፉን ተጫንኩት።»

ሥራ አስኪያጁ ደግሞ ጥያቄዋን እስክትጨርስ እንኳ አልጠበቃትም።

«እኔ ሳሙና እሸጣለሁ እንጂ ኮምፒውተር ምን አውቄ! ስክሪኑ ላይ ያለውን አነባለሁ፣ በቃ። ‹ጠብቅ› ብዬው ስልኩን ዘጋሁ። ይልቅ ማሽኑን መቼ ነው የምትለቂልን? መኪኖች ደጅ ላይ ተሰልፈዋል እኮ!»

«ሰው ሞቷል።»

«እሱማ ሞቷል» አለ፣ ዝናብ ዘነበ እንደማለት።

ኢንጂነሩ ከግድግዳው ላይ ያለች ትንሽ ሳጥን አሳያት። «ይቺ የኔትወርክ ሞጁል ናት። ማሽኑና ኮምፒውተሮቹ የሚነጋገሩት በእሷ በኩል ነው። ውስጧ ሬጅስተር የሚባሉ የቁጥር ማስቀመጫዎች አሉ። ክዳኑ ሲዘጋ እላዩ ያለው ሴንሰር አንድ ይጽፋል፣ ሲከፈት ዜሮ። ማሽኑ ያንን አንብቦ፣ አንድ ከሆነ ቁልፉ ሲጫን ይነሳል፤ ዜሮ ከሆነ አይነሳም።»

«ሰው እጁን ሊያስገባበት ይችላል?»

«በዚያኛው አይቻልም። የሚነበብ ብቻ ነው።»

«በዚያኛው? ሌላም አለ ማለት ነው?»

ኢንጂነሩ ዓይኑን ሰበረ። በዚያ ጠዋት ኤሌክትሪክ ሲመለስ ጄኔሬተሩ ጋ እንደነበር ግን ጥበቃዎቹም መሰከሩለት።

መርማሪዋ ወደ ማደባለቂያው ክዳን የሚያስወጣውን ደረጃ ወጥታ የሴንሰሩን ሽቦ በጣቷ ተከተለች። መጨረሻው ከምንም ጋር አልተያያዘም፤ ጫፉ ላይ ሳሙና ጠጥሮበታል። ክዳኑን በእጇ ግጥም አድርጋ ዘጋችና ወረደች።

ሁሉንም ኦፕሬተሩ ክፍል ሰበሰበቻቸው። የሟች ሚስት ከወንድሟ ርቃ በሩ አጠገብ ቆመች። መርማሪዋ ኤሌክትሪኩን አስቋርጣ አስመለሰች። አምፖሉ ቀይ በራ።

«ክዳኑን አሁን ዘግቼው ነው የመጣሁት፤ አምፖሉ ግን ክፍት ነው ይላል። የሴንሰሩ ሽቦ ከተነቀለ ከርሟል። ማሽኑ ግን ሲሠራ ነው የኖረው። እንግዲያው ማሽኑ የሚያነበው፣ ሰው የሚጽፍበትን ሌላ ሬጅስተር ነው። ኢንጂነር፣ እውነት ነው?»

«ሴንሰሩ ሲበላሽ... ለአንድ ቀን ብዬ ነበር ማሽኑን ወደዚያ ያዞርኩት። እዚያ አንድ ተብሎ ከተጻፈ ሁሌም ዝግ ነው ይላል፤ ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ግን ይጠፋና ዜሮ ይሆናል።»

«ስለዚህ በዚያ ጠዋት አንድ ሰው እንደገና ጽፏል። አንተ ጄኔሬተሩ ጋ ነበርክ። ኦፕሬተሩ መጻፍ ቢችል ኖሮ ስልክ ባልደወለ።» ወደ ኦፕሬተሩ ዞረች። «ኢንጂነሩ እረፍት በወጣበት ጊዜ ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ምን ታደርጉ ነበር?»

«ለሥራ አስኪያጁ እደውላለሁ፤ አረንጓዴ ይሆናል። ሰው ልኮ የሚያስዘጋው ይመስለኝ ነበር።»

«ኮምፒውተር አያውቁም ነበር አይደል?» አለችው ሥራ አስኪያጁን።

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ የሱን ያወጣው ብስጭት ነው።

«በየቀኑ ሲቆምብኝ ምን ላድርግ? ኢንጂነሩ ራሱ ነው ያሳየኝ! አንድ ቁጥር ነው የጻፍኩት! አንዲት ቁጥር!»

«ከመጻፍዎ በፊት ክዳኑን ያየ ሰው ነበር?»

ካቴናው ሲገባለት እንኳ የሚያየው ደጅ የቆሙትን መኪኖች ነበር።

«አንተም ተከተለኝ» አለችው ኢንጂነሩን። «ለአንድ ቀን ያልከው ነገር ሰው በልቷል።»

ኦፕሬተሩ ከወንበሩ አልተነሳም። «እታለም፣ ቁልፉን የተጫንኩት ግን እኔው ነኝ።»

እህቱ ወደ ቀዩ አምፖል በጣቷ አመለከተች።

«አረንጓዴ ነበር?»

«አረንጓዴ ነበር።»

መጥታ አጠገቡ ተቀመጠችና እጁን፣ ያንኑ ቁልፉን የተጫነበትን እጅ፣ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። «ልጆቹ ‹አጎታችን የት ሄደ?› እያሉኝ ነው» አለችው። «ምን እንደምላቸው ጠፍቶኝ ነበር። ተነስ፣ ወደ ቤት እንሂድ።»