መዳብ ላይ የተሰለፉት

መምህር ገዛኸኝ በግንቦት ሐሩር፣ አመሻሹ ላይ፣ ቆቦ ውስጥ በተከራያት ክፍል፣ አልጋው ላይ ሞቶ ተገኘ። ራስጌው የሶላር ባትሪና ላፕቶፕ፣ እጁ ላይ የባትሪው ገመድ። ፖሊስ ጣቢያው ነገሩን ወዲያው ጨረሰው፦ ባትሪውን የገጠመችው የትምህርት ቤቱ የቤተ ሙከራ ሠራተኛ ራህመት ናት፤ በቸልተኝነት ትጠየቅ።

«ወላሂ አልፈርምም!» አለች ራህመት የቀረበላትን የእምነት ቃል ወረቀት ገፍታ። «እጄን ብትቆርጡትም አልፈርም።»

ኢንስፔክተር ጥሩወርቅ እምቢታዋን ወደደችው። ሬሳውን አጎንብሳ አየች። ጣቱ ላይ ቃጠሎ የለም፤ ጉንጩ ግን እንደ በሰለ ቲማቲም ቀልቷል። መስኮቱ ተዘግቷል።

«እትዬ ቆንጅት፣ ማን ዘጋው?» ስትል አከራይቱን ጠየቀቻት።

«እኔንጃ እቴ! እሱ እንኳን ቀን፣ ሌሊትም ዘግቶ አይተኛ። በዚህ ሐሩር ልቀቀል ካላለ በቀር ማን ይዘጋል?»

«ዛሬ ከሰል ያነደደ አለ?»

«ጎረቤቱ መምህር ናትናኤል። ከደጋ ከመጣ ወሩም አልሞላ። የገላ ውሃ ላሞቅ ብሎ ምድጃዬን ከነፍሙ ተዋሰኝ። ሳቄን ዋጥኩት።»

ጥሩወርቅ ሐኪሙን ካነጋገረች በኋላ ራህመትን፣ አከራይቱንና ናትናኤልን ግቢው ውስጥ ቁርቁራው ዛፍ ጥላ ሥር ሰበሰበቻቸው።

«ገዛኸኝ ምን ነበር የሚያጠናው?»

«የካርቦን ሞለኪውሎችን» አለች ራህመት። «መዳብ ላይ ሲያርፉ እንደ ሰልፈኛ ይደረደራሉ፤ ሰንሰለት ይሠራሉ። ኤሌክትሮኖቻቸው የት እንደሚውሉ በላፕቶፑ ያሰላ ነበር።»

ናትናኤል ጣልቃ ገባ። «ዋናው አጥኚ እኮ እኔ ነኝ። ጥናቱን ትናንት ለጉባኤ በስሜ ልኬዋለሁ።»

«እሺ የኔ ጌታ» አለች ጥሩወርቅ። «ሰንሰለቱ መዳብ ላይ ሲያርፍ ኤሌክትሮኖቹ ምን ይሆናሉ?»

«ሰንሰለቱ ውስጥ ብቻ ይመላለሳሉ። መዳቡ ምን አገባው?»

ራህመት ከት ብላ ሳቀች። «መዳቡም ይካፈላቸዋል እንጂ! የጥናቱ ነፍስ እሱ አይደል?»

ጥሩወርቅ ወደ ናትናኤል ዞረች። «ይህ ባትሪ ዐሥራ ሁለት ቮልት ነው፤ ደረቅ እጅ ቢነካው አይገድልም። ሐኪሙ እንዳለኝ የገደለው የከሰል ጢስ ነው። ከፍም የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚሉት ጋዝ ደማችን ውስጥ ያለውን ብረት ይይዝና ለኦክስጅን ቦታ አይለቅም፤ ጉንጩን ያቀላውም እሱ ነው። ገዛኸኝ ከምሳ በኋላ ሲተኛ ፍሙን አስገብቶ መስኮት የዘጋ፣ ኋላም ምድጃውን አውጥቶ ገመድ እጁ ላይ ያኖረ ሰው አለ። ፍም የነበረው ደግሞ አንተ ዘንድ ብቻ ነው።»

«ገላዬን ታጠብኩበት!»

«በግንቦት? በዚህ ወር የቆቦ ቧንቧ ራሱ ይፈላል። የአገሩ ሰው ቢሆን ሌላ ሰበብ ይፈልግ ነበር። ጥናቱን ሰርቀህ ሳያጋልጥህ ቀደምከው።»

ናትናኤል ካቴናው ሲገባለት ከንፈሩን አጣሞ ራህመትን አያት። «እሱ እንደሆን ሞቷል። እዚህ በረሃ ጥናቱን ማን ሊጨርሰው ነው? ለማንስ ይገባል?»

«እኔ እጨርሰዋለሁ» አለች ራህመት ብድግ ብላ። «የሱን ስም አስቀድሜ፣ የኔን አስከትዬ። ሲታተም አንድ ቅጂ ወህኒ ቤት እልክልሃለሁ። ያልገባህ ካለ ጻፍልኝ፤ አስረዳሃለሁ።»